ክፍል ውስጥ ዝም ካልኩ እምነቴን ደበቅኩ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? በመንግሥት ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ኩረጃውን፣ ስድቡን፣ ውሸቱን ሳይ አንጀቴ ያርራል። ክፍለ ጊዜዬን በአባታችን ሆይ ብጀምር፣ አንዳንዴም ቃለ እግዚአብሔር ጣል ባደርግ ብዬ አሰብኩ። ግን ሙስሊም ልጆችም ፕሮቴስታንት ልጆችም አሉኝ። ዝም ስል ደግሞ እምነቴን የደበቅኩ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የክርስቶስ ሰላም ይብዛልሽ።

በጸሎት መጀመሩን ተይው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ልጅን በእምነቱ ኮትኩቶ የማሳደግን መብት ለወላጅ ይሰጣል። ሕጉ ባይኖርም መልሴ ያው ነበር። ነገ ያንቺን ልጅ የሌላ እምነት አስተማሪ የራሱን ጸሎት ቢያስደግመው ዝም ትያለሽ? ጌታ ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን እናንተም አድርጉላቸው ብሎናል። ይልቅ ማታ ቤትሽ ሆነሽ የስም መጥሪያውን ግለጪና ለእያንዳንዳቸው በየስማቸው ጸልዪ። ያንን ማንም አይከለክልሽም።

ዝምታሽም መደበቅ አይደለም። ማተብሽ አንገትሽ ላይ ነው፣ ልጆቹ ያዩታል። ካዩት በኋላ ዓይናቸው የሚሄደው ወደ ቀይ እስክሪብቶሽ ነው።

እስቲ ይህን አስቢው። የፈተና ወረቀት መለስሽ። አንድ ልጅ ተነስቶ መጣ። «ቲቸር፣ ድምሩ ተሳስቷል። 17 ብለሽኛል፣ የኔ ግን 14 ነው» አለሽ። ክፍሉ ሳቀበት። ከኋላ «ፋራ!» ያለውም አለ። አሁን ምን ታደርጊያለሽ? «በቃ ይሁንልህ» ብትዪው ደግነት ይመስላል። ግን ልጁ ያን ሁሉ ሳቅ ችሎ ያመጣውን እውነት ዋጋ አሳጣሽው። እኔ ብሆን ማርኩን 14 አደርገዋለሁ፣ መዝገቡ ላይም አስተካክላለሁ። ከዚያ በሁሉም ፊት «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ስላረምከኝ አመሰግናለሁ» እለዋለሁ። ለሽልማት ማርክ መጨመሩን ግን አልወደውም። እውነት መናገር ትርፍ ያስገኛል ብሎ የተማረ ልጅ፣ ትርፍ ያጣ ቀን ይዋሻል። «ከሁሉ በሚያንስ የታመነ በብዙ ደግሞ የታመነ ነው» (ሉቃ. 16፥10) የሚለው ቃል ለእኔ በእነዚያ ሦስት ማርኮች ውስጥ አለ።

ኩረጃን ከመገሠጽሽ በፊትም ራስሽን ጠይቂ። ቤታቸው እየሄድሽ የምታስጠኚያቸው ልጆች አሉ? ለእነሱ ጥያቄ ጠቁመሽ ታውቂያለሽ? አንዴም ቢሆን ከሆነ፣ ልጆቹ ሰምተዋል። መጀመሪያ እሱን አቁሚ።

ክፍልሽ ውስጥ ጾመው የሚመጡ ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን አንብቢ። ዳንኤልና ጓደኞቹ ባቢሎን ቤተ መንግሥት ገብተው የከለዳውያንን ቋንቋ እየተማሩ ነበር። የንጉሡን መብል ትተው ጥራጥሬና ውኃ ይሰጠን አሉ። ብዙዎቻችን ስናስተምረው የምናወድሰው ዳንኤልን ነው። እኔ ግን ላንቺ የማሳይሽ ኃላፊያቸውን ነው። ይህ ሰው አልሰደባቸውም፣ አላስገደዳቸውም። ሰማቸውና አሥር ቀን ሰጣቸው። በዐቢይ ጾም ሳይበላ የመጣው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ሲደፋ፣ በረመዳን የጾመችው ልጅ ከንፈሯ ሲደርቅ፣ እንደዚያ ሰው ሁኚላቸው። ተነሺ ብለሽ ሰሌዳ ላይ አታቁሚያት። የሚያሾፍባት ካለም ያን ጊዜ ቆጣ በዪ።

የኛዎቹን ልጆች ቃሉን ማስተማር ከፈለግሽ፣ የአጥቢያሽ ሰንበት ትምህርት ቤት በሩ ክፍት ነው። ሒሳብ የማስረዳት ልምድ ያለው ሰው እዚያ በጣም ያስፈልጋል። እሑድ ነይ፣ በሙሉ አፍሽ አስተምሪ።

ክፍል ውስጥ አንዱ «ቲቸር፣ አንቺ ትጾሚያለሽ?» ካለሽ አትሸሺ። «አዎ፣ እጾማለሁ» በዪው። ለምን ካለሽ፣ «ማታ አባትህንና እናትህን ጠይቃቸው» በዪውና ወደ ክፍልፋዩ ተመለሺ።