ዩዘሩን ፎልደሩ ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

የሰሞኑ ጥያቄ በሙሉ ፋይል ሰርቨር ላይ ሆነ፣ እስቲ እንየው።

ጥያቄ፦ ለደንበኞቼ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ኤስኤፍቲፒ (ፋይል በተመሰጠረ መንገድ መላላኪያ) ከፍቼላቸው ነበር፣ ለካ አንዱ የሌላውን ፎልደር እየገባ ያያል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሌላ ሶፍትዌር አትፈልግ ወንድሜ፣ ኤስኤፍቲፒውን የሚያስኬደው ኦፕን ኤስኤስኤች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ችሩት የሚባለውን፣ ማለትም ዩዘሩን አንድ ፎልደር ውስጥ መቆለፍን፣ ራሱ ይሰራልሃል። ደንበኞቹን አንድ ግሩፕ ውስጥ ክተታቸውና የኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ ፋይሉ (የኦፕን ኤስኤስኤች ሰርቨር ሴቲንግ የሚጻፍበት) መጨረሻ ላይ ማች ግሩፕ ብለህ ከስሩ ችሩት ዳይሬክተሪ (የሚቆለፉበት ፎልደር) እና ፎርስ ኮማንድ ኢንተርናል ኤስኤፍቲፒ (ከኤስኤፍቲፒ ሌላ እንዳይጠቀሙ) ጻፍ። መጨረሻ ላይ ያልኩህ ወድጄ አይደለም፣ ከማች በታች ያለው ሁሉ ለዛ ግሩፕ ብቻ ስለሚሆን መሃል ላይ ከወሸቅከው የሌላውን ሴቲንግ ያበላሽብሃል። ሪስታርት ስታደርግ ደግሞ የገባህበትን ሴሽን እንዳትዘጋ፣ ከተሳሳትክ ውጭ ነው የምትቀረው።

ጥያቄ፦ ችሩት ካደረግኩ በኋላ ፓስወርዱን ይቀበልና ወዲያው ብሮክን ፓይፕ ብሎ ያባርረኛል፣ ሁለት ቀን ፈጀሁበት።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ሳምንት ፈጅቼበታለሁ። ሰርቨሩ ላይ ሎጉን ብታዪው ባድ ኦውነርሺፕ ኦር ሞድስ የሚል ነገር አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የምትቆልፊበት ፎልደር ብቻ ሳይሆን ከሱ ጀምሮ እስከ ላይኛው ስላሽ (የሰርቨሩ የመጨረሻ ላይኛው ፎልደር) ድረስ ያለው በሙሉ ባለቤቱ ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) መሆን አለበት፣ ከሩት ሌላ ግሩፑም ሆነ ማንም መጻፍ መቻል የለበትም። ሰው እዚህ ጋ ይናደድና 777 (ሁሉም ሰው እንዲጽፍበት የሚፈቅድ) ይሰጠዋል፣ እሱማ ጭራሽ ነው፣ አሁንም አያስገባም። ስለዚህ አንዷ ደንበኛሽ አልማዝ ናት እንበል፣ የአልማዝን ፎልደር ለሩት አድርጊና 755 (ባለቤቱ ብቻ የሚጽፍበት፣ ሌላው ግን ገብቶ የሚያየው) ስጪው፣ ውስጡ አፕሎድ የሚል ፎልደር ክፈቺና እሱን ለአልማዝ ስጫት። ከዛ አልማዝ ገብታ ፋይሏን እዛው በሩ ላይ ልትጥል ስትል ፐርሚሽን ዲናይድ ይላታል፣ ትደውልልሻለች፣ አፕሎድ ውስጥ ግቢ በያት።

ጥያቄ፦ ለሁሉም የጋራ ፎልደር በሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፎልደር በሚጠቁም አቋራጭ) ሰጠኋቸው፣ አይከፍትም።

መልስ፦ አይከፍትማ! ውስጥ ለተቆለፈው ሰው ስላሽ ማለት የራሱ ፎልደር ነው፣ ሊንኩ የሚጠቁመው መንገድ ለሱ የለም። በባይንድ ማውንት (ያንኑ ፎልደር ሌላ ቦታም እንዲታይ በማድረግ) አድርገው፣ ኤፍኤስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያያቸው ማውንቶች የሚጻፉበት ፋይል) ላይም ጻፈው፣ አለዚያ ሰርቨሩ ሪቡት ሲያደርግ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ቪኤስኤፍቲፒዲ (የኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራሙ) 500 ኡፕስ እያለ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ያው የአልማዝ ጉዳይ ነው፣ ዩዘሩ የሚጻፍበት ፎልደር ላይ ቆልፈኸዋል። የፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ አላው ራይተብል ችሩትን ዬስ ብትለው ዝም ይላል፣ እኔ ግን አላደርገውም። ደግሞ ተራ ኤፍቲፒ ከሆነ ፓስወርዱን ሳይደብቅ ነው የሚልከው፣ ኤስኤፍቲፒ ላይ ዙርና ከላይ ካለው መልስ ጀምር።