አባቴ ሕመም ሳይሰማቸው ሁለተኛ ስቴንት ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት አባቴ ከሁለት ሳምንት በፊት ሃርት አታክ ደርሶባቸው በዕለቱ ስቴንት (የደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የመረብ ቱቦ) ገባላቸው። ሐኪማቸው ሌላም ክፉኛ የጠበበ የልብ ደም ስር ስላለ ድጋሚ እንዲመጡ ቀጥረዋቸዋል። አባቴ ግን «ደረቴን አያመኝም፤ አልሄድም» ብለዋል። ለምን በአንድ ቀን አልተሠራም? ቢቀርስ?

መልስ፦ ሃርት አታክ የሚከሰተው በደም ስሩ ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው የስብ ክምችት ሽፋኑ ድንገት ተቀድዶ፣ በላዩ የረጋው ደም መተላለፊያውን ሲዘጋው ነው። በዚያ ሰዓት የልብ ጡንቻ እየሞተ ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው የተዘጋውን ስር ለመክፈት ነው። ሌላውን ማቆየት ቸልተኝነት አይደለም፤ እንዲያውም የደም ግፊታቸው ወርዶ ልባቸው ደም መርጨት ባቃታቸው ሕሙማን ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክፈት ጉዳቱ እንደሚያመዝን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ቢቀርስ ላሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ኮምፕሊት የተሰኘው ጥናት በ31 አገሮች 4,041 ሕሙማንን ተከታትሏል። ሃርት አታኩን ያመጣው ስር ብቻ ከተከፈተላቸው መካከል በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ 10.5 በመቶው በልብ ሕመም ሞተዋል ወይም ዳግም ሃርት አታክ ደርሶባቸዋል፤ ሌሎቹም ስሮች በተከፈቱላቸው ላይ ግን ቁጥሩ 7.8 በመቶ ነበር። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ዳግም ሃርት አታክ በመቀነሱ እንጂ ሞት በግልጽ በመቀነሱ አይደለም፤ ይህንንም አባትዎ ሊያውቁት ይገባል። ሥራው ከሆስፒታል ሳይወጡም ሆነ ወጥተው እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ቢከናወን ጥቅሙ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ቀጠሮው አልዘገየም።

ሕመም አለመኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አባትዎ ከዚያ ወዲህ አርፈው ስለተቀመጡ ልባቸው ብዙ ደም አልጠየቀም፤ ስኳር ካለባቸው ደግሞ ሕመሙ ጭራሽ ላይሰማቸው ይችላል። በሌላ በኩል የጠበበ ሁሉ ስቴንት አይገባለትም። ጥበቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ውሳኔው ይቀላል፤ ከ50 እስከ 69 በመቶ ሲሆን ግን ጫፉ ግፊት በሚለካ ቀጭን ሽቦ ደሙ በበቂ ሁኔታ ማለፉን ማረጋገጥ ይገባል። የአባትዎ ስንት በመቶ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለምርመራው የሚሰጠው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊት ውጤታቸውንም ይዘው ይሂዱ።

ስቴንት የስብ ክምችቱን ወደ ግድግዳው ይጫነዋል እንጂ አያወጣውም። ስለዚህ እንደ አቶርቫስታቲን ያለው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ደም እንዳይረጋ የሚረዱት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልም ከታዘዙላቸው፣ ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አንድም ቀን መቋረጥ የለባቸውም። በጾም ወቅት መድኃኒታቸውን ትተው በስቴንቱ ውስጥ ደም ረግቶባቸው የመጡ ሕሙማንን ስላየሁ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ አባትዎ የሚጾሙ ከሆነ የሚወስዱበትን ሰዓት አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ደረታቸውን ተጭኖ የሚይዝ ሕመም፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከጀመራቸው ቀኑን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።