የሮማው የአይሁድ ሰፈር፦ እናትሽን ይዘሽ ስትመጪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። በመጋቢት መጨረሻ እናትሽን ይዘሽ ከፍራንክፈርት ለአራት ቀን ሮም ትመጫለሽ። እናትሽ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ናቸው። የድሮውን የአይሁድ ሰፈር በእግር የሚያስጎበኙ ሰዎች አይተሽ፣ «ገንዘቡ ይገባዋል ወይስ ራሳችን እንዙረው?» ብለሻል። የጉልበታቸውም ነገር አሳስቦሻል። መልሴ አስጎብኚ ያዢ ነው፤ ግን ያገኘሽውን ሁሉ አይደለም። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

እኔ ሮም 11 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የምንከባከባቸው ሲኞራ ቤታቸው ከሰፈሩ ጀርባ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በፖርቲኮ ዶታቪያ መንገድ ጠዋት ማታ ተመላልሻለሁ። ምን አየሽ ብትይኝ ሬስቶራንት፣ ቱሪስትና መሣሪያ የያዘ ወታደር። ዋናው መንገድ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። «ይሄ ነው እንዴ ጌቶ የሚሉት?» እል ነበር።

ለካ ጌቶው የለም። ጳጳሱ ጳውሎስ 4ኛ በ1555 አይሁዶቹን ወንዙ ዳር እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አጥሮ አስገባቸው፤ ጌቶ የሚባለው ያ ነው። ቲቤር ሲሞላ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነበር። ማታ በሩ ይቆለፋል። ሲወጡ ቢጫ ምልክት ያደርጋሉ። ከተፈቀደላቸው ጥቂት ሥራ አንዱ የሰልባጅ ንግድ ነበር። ምኩራብም ከአንድ በላይ አይፈቀድላቸውም። እነሱ ምን አደረጉ? በአንድ ሕንፃ ውስጥ አምስት ምኩራብ አስገቡ። እዚህ ጋ አስጎብኚያችን ስትስቅ እኛም ሳቅን። ጌቶው እስከ 1870 ቆየ። ከዚያ ሰፈሩ አርጅቷል፣ ጎርፍም አስቸግሯል ተብሎ በ1880ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው ፈረሰ። ዛሬ የምታዪው ባለ አራት ማዕዘን ጉልላት ትልቅ ምኩራብ የተመረቀው በ1904 ነው። ስለዚህ ብቻሽን ብትሄጂ የምታዪው በአብዛኛው ከጌቶው በኋላ የተሠራውን ነው። የጠፋውን የሚነግርሽ ሰው ያስፈልጋል ያልኩሽ ለዚህ ነው።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በቲፕ ከሚሠሩት «ነጻ» ከሚባሉት ጋር ነው። ከሠላሳ ሰው በላይ ነበርን። ልጁ ጃንጥላ ይዞ ከፊት ይሮጣል፣ እኛ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን እንከተላለን። ማቴይ አደባባይ ያለው የኤሊዎቹ ፏፏቴ ጋ ቆሞ፣ አንድ መስፍን አማቱን ለማስደነቅ በአንድ ሌሊት አሠራው ብሎ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ተረት ነው፤ ደስ የሚል ተረት ነው፣ ግን እንደ ታሪክ ነበር የሚያወራው። በ1943 ጀርመኖች አይሁዶቹን የወሰዱበትን ጉዳይ በሦስት ደቂቃ ዘግቶ ጄላቶ (አይስክሬም) ቤት አስገባን። ከጄላቶ ቤቱ ጋር የተስማሙ ነው የሚመስለኝ። ሲያልቅ ሁሉም 10፣ 15 ዩሮ ሲሰጥ አፍሬ እኔም ሰጠሁ። ነጻው ነገር እንዲህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሲኞራዬ ሆስፒታል ሲገቡ ትርፍ ቀን አገኘሁና ከፍዬ ሄድኩ። ስምንት ሰው ብቻ። አስጎብኚዋ ባጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ጣሊያን ውስጥ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ባጅ አለው፣ እሱን ሳታዪ አትክፈዪ። ቤተሰቦቿ የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን፤ የተራመድነው ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ሁለት ዓመት ያለፍኩበት ግድግዳ ላይ አቆመችን። ቀና በሉ አለች። ሎሬንዞ ማኒሊ የሚባል ሰው ቤቱን በ1468 ሲሠራ በትልልቅ የላቲን ፊደል ጽፎበታል። ዓመቱን ግን 1468 አላለም፤ 2221 ብሏል። ከሮም ምሥረታ ጀምሮ ቆጥሮ ማለት ነው። የራስ ዘመን አቆጣጠር ያለን እኛ ብቻ አይደለንም ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ የጥንቱ ፖርቲኮ (ባለ ዓምድ መተላለፊያ) ፍርስራሽ ጋ ወሰደችን። በመካከለኛው ዘመን የዓሣ ገበያ ነበር። አንዲት የእብነ በረድ ጽሑፍ አለች፦ ከዚህ ድንጋይ የሚረዝም ዓሣ ከተያዘ ጭንቅላቱ እስከ መጀመሪያው ክንፍ ድረስ ለከተማው ሹማምንት ይሰጥ ትላለች። ሹም ለካ የትም አገር አንድ ነው።

እናትሽን የሚይዛቸው ግን ድልድዩ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ሳን ግሬጎሪዮ። ፊቷ ላይ ከኢሳይያስ 65 «ወደ ዓመፀኛ ሕዝብ ቀኑን ሁሉ እጆቼን ዘረጋሁ» የሚለው በዕብራይስጥና በላቲን ተጽፏል። ለማን ነው የተጻፈው? ለጌቶው ሰዎች። አይሁዶቹ በሰንበታቸው በሰፈሩ ዙሪያ ባሉ ቤተ ክርስቲያናት እየተነዱ ሃይማኖት ለማስቀየር የሚሰበከውን ስብከት በግድ ይሰሙ ነበር። ጆሯቸውን በሰም ይደፍኑ ነበር ይባላል። የራሳቸው ነቢይ ቃል፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ በእነሱ ላይ ክስ ሆኖ ግድግዳ ላይ! እኔ ጥቅሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንደዚያ ሲውል ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

በመሃል አንዲት ሴትዮ በአማርኛ «ሐበሻ ነሽ?» አለችኝ። ከእስራኤል፣ ከኔታንያ ከተማ ከባሏ ጋር የመጣች ቤተ እስራኤል ናት። አስጎብኚዋ የሮም አይሁዶች አሽከናዚም (የጀርመንና የምሥራቅ አውሮፓ) ሴፋርዲም (የስፔን) አይደሉም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ እዚህ ያሉ የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው ናቸው ስትል፣ ሴትዮዋ ጎኔን ነካ አድርጋ «እነዚህም እንደኛ ናቸዋ» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልተለያየንም።

ስለ 1943 ትንሽ ልበል። ጀርመኖች ሮምን ይዘው ነበር። መስከረም 26 በሮም የናዚ ኤስኤስ ፖሊስ አዛዥ ካፕለር በ36 ሰዓት ውስጥ 50 ኪሎ ወርቅ አምጡ፣ አለዚያ 200 ሰው እወስዳለሁ አለ። ሰው የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር አውልቆ ሰጠ። አይሁድ ያልሆኑም አዋጡ። ወርቁ ሞልቶ ተረከቡ። ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ መጥተው ሰዎቹን ወሰዷቸው። ከ1,000 በላይ ሰው ወደ አውሽዊትዝ፣ ወደ ናዚዎቹ የሞት ካምፕ፣ ተወሰደ። የተመለሱት 16 ናቸው፤ ከእነሱ ሴት አንዷ ብቻ፣ ሴቲሚያ ስፒዚኪኖ። እዚህ ሮም ጋርባቴላ ሰፈር አካባቢ የሚሠሩ ሐበሾች የሚያልፉበት ነጩ ድልድይ ስሙ የእሷ ነው።

አስጎብኚዋ ይህን ስትነግረን ቆማ አልነበረም። አንድ በር ላይ ተንበርክካ ከኮብልስቶኑ መሃል የተቀበሩ ትንንሽ የናስ ድንጋዮችን በመሃረብና በውሃ ትወለውል ነበር። እያንዳንዱ መዳፍ ያክላል። «እዚህ ይኖር ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ ስም፣ የተወለደበት ዓመት፣ የተያዘበት ቀን። አንዱን አሰላሁት፤ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። በዚያ በር ስንት ጊዜ የሲኞራዬን መድኃኒት ይዤ ሮጬበታለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። በአማርኛ የሚያስጎበኝ አላጋጠመኝም፤ አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ የሚታደልበት ትልቅ ቡድን ውስጥ እንዳትገቢ። አስጎብኚዋ አታቆምም፣ አንቺ ግማሹን ስትነግሪያቸው ግማሹ ያመልጥሻል። ከስምንት ሰው የማይበልጥ ፈልጊ። ከቻልሽ ለሁለታችሁ ብቻ ያዢ፤ ይወደዳል፣ ግን እናትሽ ሲደክማቸው መቀመጥ ትችላላችሁ። አስቀድመሽ «እየተረጎምኩ ነው፣ ቀስ በይ» ብለሽ ጻፊላት።

ጉልበታቸውን በተመለከተ ዳገት የለም። ችግሩ ኮብልስቶኑ ነው፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ያድርጉ። ሲደክማችሁ በፋብሪቾ ድልድይ ወደ ደሴቷ ተሻገሩ፤ ድልድዩ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ነው፣ ዛሬም ይራመዱበታል። ደሴቷ ላይ ያለው ሆስፒታል ሐኪሞች በጦርነቱ ጊዜ አይሁዶችን «ኬ በሽታ» የሚባል የሌለ በሽታ ፈጥረው ደብቀዋል። እዚያ ተቀምጣችሁ ብትነግሪያቸው ይወዱታል።

ከተቻለ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የቲቶን ቅስት አሳያቸው፣ ፎረሙ (የጥንቱ የሮም አደባባይ) ውስጥ ነው። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ መቅረዝ ተዘርፎ ሲወሰድ ተቀርጿል። ምንም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ቀኑን ተጠንቀቂ። ቅዳሜ የአይሁድ ሙዚየሙም ምኩራቡም ዝግ ነው፣ ዓርብ ከሰዓትም ቀደም ብለው ይዘጋሉ። በዚያ ሰሞን የእነሱ ፋሲካም ሊገጥም ስለሚችል ቀን መቁጠሪያ እዪ። ምኩራቡን ከሙዚየሙ ትኬት ጋር ያስገቡሻል። ፍተሻው ጠበቅ ያለ ነው፣ ፓስፖርት ያዙ። እናትሽ በወታደሮቹ እንዳይደነግጡ፤ በ1982 ምኩራቡ ላይ በደረሰ ጥቃት የ2 ዓመት ሕፃን ሞቷል፣ ጥበቃው በከንቱ አይደለም።

የጾሙ ነገር ደግሞ ተመችቷችኋል። ካርቾፊ የሚባለው አትክልት ወቅቱ ነው። በአይሁዶቹ አሠራር ሙሉውን እንደ አበባ ከፍተው በወይራ ዘይት ይጠብሱታል፤ ቅጠሉ እንደ ቺፕስ ይንኮሻኮሻል፣ በእጅ ነው የሚበላው። ኮሸር ቤቶች፣ በአይሁድ የምግብ ሕግ የሚሠሩት፣ ሥጋና ወተት አይቀላቅሉም። ያ ማለት ግን ጾም ነው ማለት አይደለም፤ የወተት ቤት ከሆነ አይብ አለበት፣ ጠይቂ። ጥግ ላይ ምልክት የሌለው ዳቦ ቤት አለ፣ በወረፋው ታውቂዋለሽ። የሪኮታና የጎምዛዛ ቼሪ ኬኩን እናትሽ አይነኩትም፤ አንቺ ትጾሚ አትጾሚ አላውቅም።

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በ64 ቁጥር አውቶቡስ አርጀንቲና የሚባለው ፌርማታ ውረዱ፣ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ቦርሳሽን ከፊትሽ ያዢ። 64 ላይ የእኔን ሞባይል ሁለት ጊዜ ወስደውታል።