እግሬን ካያኩ ውስጥ ረስቼው ወረድኩ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አገር ከሚለቅ ሰው ላይ ካያክ፣ ያቺን እግር ዘርግተው ተቀምጠው የሚቀዝፏትን ከላይ የተሸፈነች ጠባብ ጀልባ፣ ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ከባሕር ዳር ተነስቼ ጣና ላይ ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ ገዳም አቅጣጫ እቀዝፋለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላኝ ግን ከዳሌዬ እስከ ጣቶቼ ውርር ያደርገኝና ሁለቱም እግሮቼ ይደነዝዛሉ። ባለፈው እሑድ ዳር ደርሼ ልውረድ ስል እግሬ የለም! ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ እያየ ውሃው ውስጥ ተዘረርኩ። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ከሥሬ ባነጥፍም ለውጥ የለውም። የደም ዝውውር ችግር ይሆን? ቁመቴ 1.86 ነው።
ደንዛዛው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ይቅር በለኝ፣ እኔም ላይ ደርሷል።

ብዙ ጊዜ የነርቭ ነገር ነው። ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ አልፎ በጭን ጀርባ የሚወርድ ወፍራም ነርቭ አለ፤ ሳያቲክ ይሉታል። ካያክ ውስጥ እግር ተዘርግቶ ጉልበት ከፍ ሲል ወይ ጭንህ አየር ላይ ይቀርና ክብደትህ ሁሉ መቀመጫህ ላይ ይወድቃል፣ ወይ የወንበሩ የፊት ጠርዝ ጭንህን ሲጫነው ይቆያል። ስፖንጁ ያልሠራው ለዚህ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ተጨፍልቆ ወረቀት ያክላል፤ ባይጨፈለቅም ከፍ አድርጎ ያስቀምጥህና ካያኩ ይዋልላል። ድጋፍ የሚፈልገው ጭንህ ነው።

ፎጣ ጠቅልልና ከወንበሩ ጠርዝ ፊት፣ ጭንህ ሥር አስገባው። ከተሻለህ ነገሩ ታወቀ። ከዚያ ውሃ የማይጠጣ ጠንከር ያለ ፎም፣ ስፖርት የሚሠሩበት ምንጣፍ ዓይነት፣ በቢላ እየቆረጥክ ወደ ጉልበትህ ከፍ እያለ እንዲሄድ ደርድረው። በማስቲሽ አትድከም፤ ካያክህ ፕላስቲክ ከሆነ ብዙም አይይዝልህም። ተጣብቦ እንዲቀመጥ አድርገህ ቁረጠው።

ቁመትህን ሳይ ደግሞ የጠረጠርኩት የእግር መርገጫውን ነው። የድሮው ባለቤት አጭር ከነበረ መርገጫው እሱ የተወው ቦታ ላይ ነው ያለው። ሁለቱንም እኩል አርቃቸው። ስትረግጥ ጉልበትህ አካባቢ ያለው ጭንህ የካያኩን ጣሪያ ይንካ፣ ስትለቅ ይላቀቅ፤ ልኩ እሱ ነው። የጀርባ ድጋፉንም ቀበቶህ ጋ አውርደው፤ ሶፋ አይደለም። የኋላ ኪስህ ውስጥ ቦርሳ ካለም አውጣው። ለነገሩ ሐይቅ ላይ ቦርሳ ምን ይሠራል?

የታንኳ ቀዛፊዎችን ልብ ብለህ አይተሃል? የደንገል ታንኳ ጣሪያ የለውም፤ ሰውየው እግሩን ሲሰለቸው ይዘረጋል፣ ሲሰለቸው ያጥፋል። አንተም በየ15 ደቂቃው እግርህን ከመርገጫው አውርደህ መሃል ላይ ዘርጋው፣ ቁርጭምጭሚትህን አዙር። በተለይ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳና ውሃው ሲንገላታ ሳይታወቅህ እግርህን ወጥረህ ነው የምትይዘው፣ ያኔ ይብሳል። ቤትህም ወለል ላይ እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ። ጉልበትህን ሳታጥፍ ወገብህን ቀጥ ማድረግ ካቃተህ የጭንህ የኋላ ጡንቻ ጠንክሯል፣ ማታ ማታ ሳብ ሳብ እያደረግክ አፍታታው።

ፎሙን ከጨመርክ በኋላ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ ሰው አጠገብህ ቆሞ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰህ ካያኩን ገልብጠውና ተንሸራተህ መውጣት መቻልህን ሞክር። ካጣበቀህ ቀንስለት። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት በኩል ግን እንዳትሞክረው፤ ጉማሬ አለ።

ከወረድክ በኋላም የማይለቅህ ከሆነ፣ ወይ መሬት ላይም ከጀመረህ፣ ወይ እግርህ ከዛለ፣ ፎም መቁረጡን ተውና ሐኪም ጋ ሂድ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ደግሞ ነገ አትበል፣ ወዲያውኑ።

እስከዚያው ዳር ስትደርስ ዘለህ አትነሳ። ጣቶችህን አንድ በአንድ አንቀሳቅስ፣ ሁሉም አቤት ሲሉህ ውረድ። ቡና ጠጪዎቹ እንደሆኑ ዛሬም እዚያው ናቸው።