«ሰው አንዴ ገዝቶ ለምን አይመለስም?» ላልሽው እህታችን

መገናኛ አካባቢ የጫማና የልብስ ሱቅ ከፍተሻል። ዋጋሽ ከጎረቤቶችሽ የተሻለ ቢሆንም ሰው አንዴ ገዝቶ ይጠፋል። የቅናሽ ካርድ ላሳትም ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ መርካቶ ሰው ቤት ተቀጥሬ ጫማ ሸጫለሁ፤ አሁን የራሴ ሱቅ አለኝ። ካርዱን ለጊዜው ተይውና አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከአንቺ የገዛ ሰው ዕቃውን ይዞ ሲመለስ ምን ትይዋለሽ?

ሲገዛማ ማንም ይስቅለታል። ቁም ነገሩ ጫማው የጠበበው ዕለት ነው። አንድ መስከረም ላይ አንዲት እናት ለልጇ የገዛችውን የትምህርት ቤት ጫማ ይዛ መጣች። ገና በሩ ላይ፣ ምንም ሳልጠይቃት መማል ጀመረች። «ማርያምን፣ ቤት ውስጥ ነው የለካው። ውጪ አልረገጠበትም!» ለጠብ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ሶሉን እንኳ ሳላገላብጥ 33ቱን ተቀብዬ 34 ሰጠኋት። የምትለው ጠፋት። ብዙም ሳይቆይ እህቷን ይዛ መጣች፤ ዛሬ የሁለቱም ቤት ልጆች ጫማ ከእኔ ነው።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለጥፈሽ ከሆነ ቅደጂው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ጫማ ስለጠበበ ግን ጉድለት አለበት አይባልም። ግዴታ ሳይኖርብሽ ስትለውጪለት ነው ሰውየው የሚገረመው፣ ለጎረቤትም የሚያወራልሽ።

ሌላው ዋጋ ነው። ርካሽ ከመሆኑ ይልቅ ለሁሉም አንድ መሆኑ ይበልጣል። አንዷን በ2,800 ብር ሸጠሽ፣ ጎረቤቷን ስለተከራከረች ብቻ በ2,200 ከሰጠሻት፣ ሁለቱ ቡና ላይ ይገናኛሉ። አንደኛዋ ተሸወድኩ ትላለች። ሁለተኛዋም ደስ አይላት፤ ትንሽ ብገፋ በ2,000 ይሰጡኝ ነበር ብላ ታስባለች። ሁለቱንም አጣሽ። እኔ ዋጋ ለጥፌ ነው የምሸጠው። መጀመሪያ ላይ «ምን ዓይነት ሱቅ ነው፣ አምስት ብር እንኳ የማይቀንስ!» እያለ የሚወጣ ብዙ ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዕቃ ሲወደድ ግን ይኸው ነገር ጠቀመኝ። «ባለፈው በዚህ አልነበረም የገዛሁት» ለሚለኝ ሰው የአከፋፋዩን የድሮና የአሁን ደረሰኝ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ያጉረመርማል፣ ግን አታለለኝ አይልም።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበላቸው። ዝርዝር የለኝም ብሎ ማስቲካ ማስያዝ ይቅር፤ ቴሌብር አለ። የሌለሽን ቁጥር ከጎረቤት አስመጥተሽ ብር ጨምረሽ ከመሸጥ «ሦስተኛው ሱቅ ጋ ታገኚዋለሽ» በያት። ለሌላ ዕቃ መጀመሪያ የምትመጣው አንቺ ጋ ነው። ደግሞ «ትገዣለሽ? ካልገዛሽ አላወርድም» የምትል ሻጭ ካለችሽ፣ ዋጋሽን በግማሽ ብትቀንሺም ዋጋ የለውም።

ሻጭ ካልኩ አይቀር፣ ብዙ ባለ ሱቅ የሚረሳው ይህን ነው። መርካቶ አሠሪዬ የነበሩት ሰውዬ አንዲት ጎበዝ ሻጭ ነበረቻቸው። የሰው ፊት አትረሳም፤ «ልጅሽ ተሻለው?» ብላ ነበር ሽያጭ የምትጀምረው። ደሞዝ ጨምሩልኝ ስትል እንቢ አሏት። እዚያው መስመር ላይ ሌላ ሱቅ ገባች። ደንበኞቹ በእኛ በር ላይ እያለፉ፣ እጃቸውን አውለብልበውልን እሷ ጋ ይገቡ ነበር! ለካ የእሷ ደንበኞች ነበሩ።

ወደ ካርዱ ስመጣ፣ እንዳንቺ ላለ ሱቅ ደብተር ይበቃል። ፈቃደኛ የሆነን ሰው ስም፣ ስልክና የልጆቹን የጫማ ቁጥር ጻፊ። ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደውለሽ «የልጅሽ ቁጥር ገብቷል፣ ላስቀምጥልሽ?» በያት። ቴሌግራም ላይ በቀን አሥር ፎቶ መልቀቁን ግን ተይ፤ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይረሳሻል። ለካርድ ማሳተሚያ ያሰብሽውን ብር ለሻጭሽ ደሞዝ አድርጊው። ለመሆኑ ሱቁ ውስጥ የምትቆሚው ራስሽ ነሽ ወይስ ቀጥረሻል? እሱን ብትነግሪን ሌሎቹም የሚጨምሩልሽ ይኖራል።