መልስ፦ የአባቴን ማሴ ፈርጉሰን ለቁራሌው ልሽጠው?

ወንድሜ፣ ለቁራሌው እንዳትሰጠው! ኮምቦልቻ ጓሮህ የቆመው የአባትህ ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር «ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ የሚያውቀው ሰውም አጣሁ» ብለሃል። የሚያውቁትማ ሞልተዋል። እኔ ደሴ ነኝ። የድሮ ትራክተር ፍቅር ያለብን ጥቂት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እንጠጣለን። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ሾፌሮችና መካኒኮች ናቸው። ቦርከና ዳር በቀን ማን የበለጠ ያርስ እንደነበር ሲከራከሩ ቡናው ይቀዘቅዛል። አንድ ጋሼ አሉ፤ የትራክተር ድምፅ ከሩቅ ሰምተው «ይሄ ባለ 3 ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ሞተር ነው» ይላሉ። ያኔ የቤላሩስ ትራክተር ደጋፊው ጓደኛቸው ይነሳባቸዋል። ኩርፊያቸው ግን ከሁለተኛው ስኒ አያልፍም።

ወደ ችግርህ ስመጣ፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው የናፍጣው መስመር ውስጥ የገባ አየር ነው። ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላላት። ከዚያ የናፍጣ መሳቢያውን ፓምፕ በእጅ ማንሻው ደጋግመህ ግፋ። አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲፈስ አጥብቃት። ፊልትሮውም ከቆሸሸ ቀይረው። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በብዛት ስለተመረተ መለዋወጫው አይጠፋም።

ለመሆኑ አባትህ የት አካባቢ ነበር የሚያርሱት? ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ሳያውቃቸው አይቀርም።