ረዘም ያለ የወንድ ስም ለምትፈልጊው እህቴ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድ ልጅ ልትወልጂ አንድ ወር ቀርቶሻል። ረዘም ያለ፣ ግን «እዩኝ እዩኝ» የማይል ስም ትፈልጊያለሽ። ባለቤትሽ ደግሞ «ነገ ውጭ ብንሄድ ይከብደዋል፣ አጭር ይሁን» ይላል። እኔ ከራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ልጄ አለማየሁ ይባላል፣ 11 ዓመቱ ነው።

ከሱ በፊት አንድ ልጅ ወልጄ አጥቻለሁ። ስለዚህ እሱ ሲወለድ አማቴ «ምትኩ ይባል» አሉ። ክፋት አስበው አይደለም፣ በሳቸው ዘመን ስም የሚወጣው እንደዛ ነው። ምትኩ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ፣ እነዚህ ሁሉ ሀዘን የገባበት ቤት ስሞች ናቸው። እኔ ግን አልቻልኩም። ይሄንን በጠራሁት ቁጥር ያኛው ሊታወሰኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። ልጁስ ቢሆን ለምን የሌላ ሰው ምትክ ሆኖ ያድጋል?

በሦስተኛው ቀን አባቴ ከክፍለ ሀገር መጣ። ጋቢውን እንኳን ሳያወልቅ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ሕፃኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ብዙ ዝም አለ። ከዛ ቀስ ብሎ «ዓለም አየሁ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። አማቴ ከጓዳ ሰምተው አጥሚቱን እንደያዙ ብቅ አሉና «በቃ፣ ስሙ ወጣ» አሉ።

ለዚህ ነው ስም ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ አትጀምሪ የምልሽ። ከቤታችሁ ጀምሪ። ረጃጅሞቹ ስሞቻችን እኮ አብዛኞቹ አንድ ሰው የሆነ ቀን ከልቡ የተናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ስንታየሁ፣ ስንት አየሁ ነው። አንዳርጋቸው፣ አንድ አርጋቸው ነው፤ ልጁ ሲመጣ እንዲታረቁ የተለመነላቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ጥላሁን ደግሞ ጥላ ሁን። ልጅን «ጥላ ሁን» ብሎ ከመመረቅ የበለጠ ትሁት ነገር እኔ አላውቅም። ጌታ ሁን፣ ንገሥ አላሉትም፤ ሰው የሚያርፍብህ ሁን ነው ያሉት።

ረጅም ስም ሁሉ ግን ትሁት አይደለም። ዳኛቸው፣ ጌታቸው፣ ልዑልሰገድ ከፍ ማለትን ይመኛሉ። ደምሰውና በላቸው የጦር ሜዳ ስሞች ናቸው። የሚወዷቸው ይወዷቸዋል፣ አልቃወምም፤ አንቺ የጠየቅሽው ግን ሌላ ስለሆነ እለፊያቸው።

ትህትናውን በግልጽ ከፈለግሽው ገብረማርያም፣ ገብረሚካኤል፣ ገብረሥላሴ አሉልሽ። ገብረ አገልጋይ ማለት ነው፤ ለብቻው አይቆምም፣ «የማን?» የሚለውን ይጠብቃል። ወልደና ተክለም ለብቻቸው አይቆሙም። ብዙ ሰው እነዚህን ለክርስትና ስም ብቻ ይተዋቸዋል፣ በ40 ቀኑ ይሰጥና ከዛ በኋላ ማንም አይጠራውም። እኔ ያሳዝነኛል። ዋና ስሙ ቢሆን ምን አለበት? ጎረቤቴ ልጇን አብዱልከሪም ብላዋለች፣ የቸሩ ባሪያ ማለት ነው። ሙሉውን ስትጠራው ደጁ ሁሉ ይሰማዋል፣ ደስ ይላል።

«የሽማግሌ ስም አወጣሽበት» መባል አይቀርልሽም። እኔም ተብያለሁ፣ ያውም በቅርብ ጓደኞቼ። ግን ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ በክፍሉ ሦስት ናሆምና ሁለት ዮናታን ነበሩ፣ መምህሯ በአባታቸው ስም ነበር የምትለያቸው። ስሞቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። አለማየሁ ስትል ግን አንድ ልጅ ብቻ ነበር ቀና የሚለው።

እዛው ትምህርት ቤት አንድ ቀን ደብተሩ ላይ «አሌክስ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። አለማየሁ በአማርኛ 5 ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን 9 ይሆናል፤ የስም መጻፊያው መስመር አልበቃ ብሎ ነው አሉኝ። ማታ ቁጭ ብለን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉውን ጻፍነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ከመስመሩ ወጥተው ወደ ላይ ታጠፉ። እሱ ግን ጣቱን እያስኬደ እስከ ጫፉ አነበበው። በማግስቱ ሄጄ ስሙ አለማየሁ ነው አልኳቸው፣ ከዛ በኋላ እንደዛው ሆነ።

ለባለቤትሽ ደግሞ ኃይሌን አንሺለት። እኛ ኃይሌ እንለዋለን፤ የውጭ ኮሜንታተሮች ግን በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት። በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲገባ ፈረንጁ ሁሉ ገብረሥላሴ እያለ ነበር። አፋቸው ለመደው። የልጃችሁንም ይለምዱታል።

ማሳጠሩ ከቤት ራሱ ይመጣል፣ አትጨነቂበት። ጥላሁን ጥሌ ይሆናል፣ ገብረማርያም ገብሬ፣ ተመስገን ተሜ። የኔው «ዓለሜ» ነው፤ ሲያጠፋ ብቻ ሙሉ ስሙን እጠራዋለሁ። ረጅም ስም አጭሩንም ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሁለት ፊደል ስም ግን ወዴት ታሳጥሪዋለሽ?

አንድ ነገር አደራ። የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ከመውለድሽ በፊት ወስነሽ ወረቀት ላይ ያዢው። የኛ የሆስፒታል ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ ነበር፣ እኔም በድካም አላየሁትም፤ በኋላ ፓስፖርት ሳወጣለት ስንት ቀን ተመላለስኩ። የልደት ምዝገባ እስከ 90 ቀን ድረስ ጊዜ አለው፣ ክርስትናው በ40 ቀን ስለሆነ ተረጋግታችሁ ማሰብ ትችላላችሁ።

ከአባቱ ስም ጋርም ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ዕድሜ ልኩን አብረው ነው የሚጠሩት። አባቱ በላቸው ሆኖ ልጁ አንዳርጋቸው ቢባል ጆሮ ላይ ይጋጫል፤ አለማየሁ ከበደ፣ ጥላሁን አበራ ግን ይፈስሳል። የባለቤትሽን ስም አልነገርሽንም። ጻፊልንና እስኪ አብረን እንሞክረው።